ሃያ አንድ ቋጠሮ

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ይህ ደብተር ለፍየል ርባታ ፕሮጀክታችን ሰልጣኞች ተገዝቶ የተረፈ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለችው ፍየል የውጭ አገር ፍየል ናት፤ ጆሮዋ ረጅም፣ ጡቷ ባልዲ የሚሞላ። ሴቶቹ ሲያዩዋት «ይቺ ደግሞ የማን ዘመድ ናት?» ብለው ሳቁ። አብዛኞቹ መጻፍ ስለማይችሉ ግማሹ ደብተር ተመላሽ ሆነ። አንዱን እኔ ወሰድኩ። ለቢሮ ከምጽፈው ሌላ የምጽፈው ነገር እንዳለኝ እንግዲህ ይታያል።

ጥምቀት አልፎ ዛሬ ወደ ሾላ ምንጭ መንደር ተመለስን። በዳባት መንገድ በማኪና፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግር። ፍየል አርቢዎቹ አሥራ ሁለቱም መጥተው ነበር። የዛሬው ትምህርት፦ አዲስ የመጣች ፍየል ከነባሮቹ ሳትቀላቀል ሃያ አንድ ቀን ለብቻዋ ትቆይ። ይህን ትምህርት እወደዋለሁ። ከአጥርና ከትዕግሥት በቀር ምንም አይጠይቅም።

ዝናሽ ግን አልተዋጠላትም። «ምነው መምህር፣ እንግዳ ለብቻው ይታሰራል? እግረ ቀና ትሁን ብለን የተቀበልናትን ውጪ እናሳድራት?»

«እግሯ ቀና መሆኑን የምናውቀው በሃያ አንደኛው ቀን ነው» አልኳት። ተሳሳቁ።

ሽታዬ አልሳቀችም። የቡድኑ ሰብሳቢ ናት፤ ታላቄ ስለሆነች «እቴ ሽታዬ» እላታለሁ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ከኔ አፍ የወጣ አንድ ቃል ግን መሬት ሲወድቅባት አይቼ አላውቅም። «ሃያ አንድ የማርያም ቁጥር ናት፤ አትጠፋብኝም» አለችና ከመቀነቷ ሲባጎ አውጥታ ቁጭ ብላ ሃያ አንድ ቋጠሮ ቋጠረችበት። አዲስ ፍየል የመጣች ቀን ጀምራ በየማለዳው አንድ ልትፈታ ነው። ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ለሌላ ቀበሌ ሴቶችም አስተምረዋለሁ።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ሰኮና መቁረጥ ሠራን። አንዷ ፍየል ቁርጭምጭሚቴን ረገጠችኝ፤ አነክሳለሁ።

ሽታዬ ከጉሮኖዋ ራቅ አድርጋ ትንሽ የድንጋይ አጥር ሠርታለች፤ ከላይ በእሾህ ከድናዋለች። ከአሥራ ሁለቱ የሠራችው እሷ ብቻ ናት። ፕሮጀክቱ ለምረቃ የሚሰጣቸው ፍየሎች ገና ከቆላ አልመጡም፤ የሷ ማረፊያ ግን ዝግጁ ነው። አሥራ አራት ፍየል አላት። ሦስቱ ሙክቶች ለፋሲካ ይሸጣሉ። ልጇ ፍሬ፣ አዘዞ የኛው ሰፈር ክፍል ተከራይታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው በነሱ ነው። «ልጄን የሚያስተምሯት ፍየሎቼ ናቸው፤ እኔማ ምን አውቄ» አለችኝ።

አጥሩን ፎቶ አነሳሁት። ለሪፖርት ሸጋ ፎቶ ነው።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ነነዌ። ባዶ ሆድና ስብሰባ አይስማሙም።

አስተባባሪያችን አቶ ሀብተሥላሴ ምረቃውን ለየካቲት 15 ቆረጡት። እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ፍየሎቹ በጥር መግባት ነበረባቸው፤ መንገድ ተዘግቶ ገና ናቸው። ሦስቱ ሳምንት አይደርስም አልኳቸው።

«ሰውአገኝ፣ የካቲት 17 ዐቢይ ጾም ይገባል። እንግዳ ጠርተን የፍየል ምረቃ በሽሮ እናድርገው?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ለፋሲካ ማግስት ይቆይ ብልም ያን ጊዜ እንግዶቹ የሉም ተባልኩ። ደግሞም የምን ሃምሳ አምስት ቀን፣ ሴቶቹስ እስከዚያ ምን ይላሉ ተባልኩ። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ክርክሬን በደንብ አላቀረብኩትም መሰለኝ፤ ወይም አቅርቤ በሳቁ መካከል ራሴው ተውኩት።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ፍየሎቹ ገቡ! ከመተማ ወዲህ በአይሱዙ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተፋፍገው። ሃያ አራት ለሴቶቹ፣ ሁለት ሙክት ለምሳው። አዘዞ መጋዘኑ ግቢ አወረድናቸው። ያማሩ ናቸው። አንዲት ቀይ አለች፣ ግንባሯ ቦቃ፣ ዓይኗ ልጅ የመሰለ። ታስላለች።

የእንስሳት ሐኪማችን አምሐ ደባርቅ ክትባት ላይ ነው። ደወልኩለት። ሰኞ እመጣለሁ አለ። ሰኞ የካቲት 17 ነው።

ሳሉ የመንገድ አቧራ ይሆናል።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ባነር ደረሰ፤ የአንዷ ሰልጣኝ ስም ተሳስቷል። ድንኳን። ወንበር ከዕድር። ኮፍያ አነሰ። አቶ ሀብተሥላሴ አምስቴ ደወሉ። ቀይቱ ሁለቴ አሳለች። ሦስቴም ሊሆን ይችላል፣ አልቆጠርኩም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

አለፈ። ሸጋ ቀን ነበር፤ ያልተናገረ የለም። ቄሱ ባረኩ፣ እንግዶቹ ብዙም ሳያረፍዱ ደረሱ፣ ሴቶቹ ኮፍያውን በሻሻቸው ላይ ደፍተው ተሰለፉ። ፍየሎቹ በዕጣ ታደሉ፣ ለያንዳንዷ ሁለት ሁለት። ቀይቱ ለሽታዬ ወጣች። እንግዶቹ ካሜራ ይዘው ከበቧት። ሽታዬ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ከዚያ ምሳ ሆነ። ጥብሱ ለስላሳ ነበር። አቶ ሀብተሥላሴ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አየህ አይደል?» አሉኝ።

ዝናሽ ስንሸኛኝ «ለቅበላ ያበላኸንን እግዜር ይስጥህ» አለችኝ። ደክሞኛል።

የካቲት 16፣ እሑድ

ቅበላ ነው። ባለቤቴ ማስተዋል ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ጥያቄዎቿም እንደ ነርስ ናቸው።

«ፍየሎቹ መቼ ነበር የገቡት?»

«ሐሙስ።»

«ትናንት ታደሉ?»

«አዎ።»

«እኔኮ በኮሮና ጊዜ ወንድሜ ከመተማ ቢመጣ አሥራ አራት ቀን ማድ ቤት ያስተኛሁ ሴት ነኝ። እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።» ስቃ ነው ያለችው። እኔ ደግሞ ስለ ወንድሟ ኩርፊያ ረዘም ያለ ነገር ተናገርኩ። ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ሽታዬ ደወለች። ሾላ ምንጭ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ብቻ ስለሆነ እዚያ ድረስ ወጥታ ነው። ቀይቱ ቅጠል እምቢ ብላለች።

«ከቆላ መጥታ ብርዱ ከብዷት ይሆናል» አልኳት። «ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ደኅና ናቸው። አብረው ያድራሉ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አብረው ያድራሉ ያለችው አልለቀቀኝም። ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ አንድ ደብዳቤ አልጨረስኩም። ነገ አምሐን ይዤ ልሂድ? ነገ ማኪና የለም።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ከአምሐ ጋር ሄድኩ። በመጨረሻ።

ቀይቱ ትናንት ሞታለች። ከሦስቱ ሙክቶቿ ሁለቱ አንገታቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ የፊት እግራቸውን አራርቀው ቆመው ያቃስታሉ። ፍየል እንደ ሰው ስታቃስት ሰምቼ አላውቅም ነበር። አምሐ ጎናቸው ላይ ጆሮውን አሳረፈና ብዙ ቆየ። «የፍየል ሳንባ ነው» አለ። በጎቹ እዚያው አጠገባቸው ይግጣሉ፤ ምንም አልነካቸውም። ይህ በሽታ ፍየል ብቻ ይመርጣል።

«እነዚህ ከየት መጡ? ስንት ቀን ለብቻ ቆዩ?» ብሎ ጠየቀ።

ሽታዬ እኔን አየችኝ። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ መርፌ መፈለግ ጀመርኩ። መርፌው አምሐ ቦርሳ ውስጥ መሆኑን አውቅ ነበር።

ስንወርድ የድንጋይ አጥሯን አለፍናት። ባዶ ናት፤ ውስጧ ሣር በቅሏል።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ከሽታዬ አሥራ ስድስት ፍየሎች ዘጠኙ ሞቱ፤ ሦስቱም ሙክቶች ከሞቱት ናቸው። ዝናሽ አራት ሞተውባታል። ጎረቤቷ አያ ሰጠኝ ፕሮጀክቱ አንድ ፍየል እንኳ ሳይሰጣቸው ስድስቱም አልቀውባቸዋል። ምንጩ አንድ፣ መሰማሪያውም አንድ ነው። አምሐ ቤት ለቤት እየዞረ መድኃኒት ይወጋል፤ ደርሶ ያዳናቸው አሉ።

መንደሩ ሽታዬን ይዟታል። ከሷ ቤት ነው የጀመረው እያሉ ነው። ፍየሎቿ ምንጩ ጋ እንዳይደርሱ ተከለከለች፤ ውኃውን በጀርባዋ ተሸክማ ታጠጣቸዋለች። ሴቶቹ ስታልፍ ወሬ ያቆማሉ። አንዷ እኔ እየሰማሁ «ሰብሳቢ ነኝ ብላ ያማረችዋን ለራሷ አስወጥታ፣ ይኸው አመጣችብን» አለች። ዕጣ ነበር። ዕጣውን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት ወሬው ወደ ሌላ ዞረ።

አፌን በደንብ ልክፈተው ብል ኖሮ መክፈት አያቅተኝም ነበር።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ጠዋት አዘዞ ሚኒባስ መያዣው ጋ ፍሬን አየኋት። ፍራሿን ጠቅልላ፣ መጽሐፎቿን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ ቆማለች።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት ነው ጋሼ። ኪራዩን እማዬ አልቻለችም። እዚያው ሆኜ አጠናለሁ።» ሾላ ምንጭ መብራት የለም። ፈተናው ሰኔ ነው። ፍራሹን ከሚኒባሱ ላይ አብሬያት አሰርኩ። እየደጋገመች አመሰገነችኝ፤ ባታመሰግነኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ተመልሼ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። የካቲት 15 ላይ ስደርስ አፈርኩ። «ሽታዬ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት» ይላል። ለራሴ በገዛሁት እንኳ ሳይሆን በተረፈ ደብተር ላይ፣ ማንም በማያነበው፣ እንዲህ አድርጌ አድበስብሼዋለሁ። እንግዲህ እንደነበረው ልጻፈው።

ቀይቱን በገመድ ይዛ ወደኔ መጣች። በሌላ እጇ ሲባጎዋ አለች፣ ሃያ አንዷም ቋጠሮ እንዳለች። እንግዶቹ አጠገባችን ናቸው። አቶ ሀብተሥላሴ ዓይናቸውን ጥለውብኛል። ድምጿን ሳትቀንስ፣ የተማረችውን ለማሳየት ኮራ ብላ፣ «መምህር፣ ዛሬውኑ ለብቻ ላስገባት አይደል? አጥሬ ዝግጁ ነው» አለች። ከእንግዶቹ አንዷ «ለምንድን ነው ለብቻ?» ብላ ዞረች። ያኔ ቢገለጽላት ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ ታዲያ እናንተ ስንት ቀን አቆያችኋቸው የሚል ነው። መልሱ ሁለት ቀን ነው። ያውም አንዷ እያሳለች።

እኔም ፈገግ ብዬ «እነዚህስ ተመርምረው የመጡ ናቸው፤ ግድ የለም እቴ ሽታዬ፣ ቀላቅያቸው» አልኩ።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ሲባጎዋን ወደ መቀነቷ መለሰች። ሌሎቹም ሰሙ፤ ለማድረግ አስበው የነበሩ ካሉም ተዉት። ከዚያ ጥብስ በላሁ። የበላሁት ለቅበላ እንዲደርስ የቸኮልንለትን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን የምትለቅመው ግን ሽታዬ ናት።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ሪፖርት። አቶ ሀብተሥላሴ ፍየሎቹ ያለቁበትን ምክንያት ራሳቸው በቃል ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩት፦ «ሰልጣኞች በስልጠናው መሠረት አዲስ የገቡ እንስሳትን ለይተው ባለማቆየታቸው።»

«እኛ ነንኮ» አልኳቸው።

«አስተምረሃል ወይስ አላስተማርህም?»

«አስተምሬያለሁ።»

«እነሱስ ለዩ?»

«አልለዩም።»

«ታዲያ ምኑ ነው ውሸቱ?»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ፈረምኩ። ብዕሩ ጥሩ ብዕር ነበር።

መጋቢት 21፣ እሑድ

የማርያም ዕለት። ከቅዳሴ በኋላ ሾላው ሥር ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌው ጸሐፊ የኔን ሪፖርት አነበበ። ሲጨርስ የሁሉም ዓይን ወደ ሽታዬ ዞረ። እኔ ከጸሐፊው አጠገብ ወንበር ተሰጥቶኝ ተቀምጫለሁ።

አያ ሰጠኝ ተነሡ። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ስድስት ፍየል ያለቀባቸው ሰው ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ሽታዬ፣ መምህሩ ለብቻ አድርጉ ብሎ አላስተማረሽም?»

«አስተምሮኛል አያ።»

«ታዲያ ምነው?»

እንደዚያን ቀን አየችኝ። ጠበቀችኝ። እኔ ዓይኔን ጸሐፊው የያዘው ወረቀት ላይ ተከልኩ። ምን ያህል ጠበቀችኝ? አንድ ሰው ውኃ ቀድቶ እስኪጠጣ ያህል ይሆናል። ከዚያ ወደ አያ ሰጠኝ ዞረች።

«ቸኮልኩ አያ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከሰብሳቢነት አወረዷት። ሰብሳቢዋ የምትይዘውን የቡድኑን መድኃኒት ሳጥን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ለዝናሽ ሰጠች። ዝናሽ ስትቀበላት ፊቷን አላየችም።

ስብሰባው ሲበተን ሮጬ ደረስኩባት። «እቴ ሽታዬ፣ ምነው እንዲህ አልሽ? እኔ ነኝኮ...»

«አንተ ዝም ስትል እኔ ምን ልበል? ዋሽቶኝ ነው ልበል?» አለችኝ ሳትቆም። «እሱን ብል ነገ ከነዚህ ሴቶች ማን ሰኮና ይቆርጣል? ማን ያስከትባል? ያስተማርኸን ሁሉ ገደል ሊገባ ነው። ላንተ ብዬ አይምሰልህ።»

መንገዱ ወደ ቤቷ ሲታጠፍ ታጠፈች። እኔ ወደ ማኪናው ወረድኩ።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ሥራ አልገባሁም። አሞኛል አልኩ። ውሸት አይደለም።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ለማስተዋል ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። «ዛሬ ለኔ መናገርህ ምን ይጠቅማታል?» አለችና ወደ ተረኝነት ሥራዋ ሄደች። ከበሩ ተመልሳ «ልጅቷ እኛ ጋ ትቀመጥ። ትንሿ ክፍል ባዶ ናት» አለችኝ።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

ሆሣዕና። እናቴ እንኳየሁ ዘንባባ ቀለበት ሠርታ ጠበቀችኝ። ጠዳ ሄጄ የነበረው ከፍየሎቿ አንዲት እናት ፍየል እንድትሰጠኝ ለመጠየቅ ነው። ለማን ነው አለችኝ። ለአንዲት ሰልጣኝ ናት አልኳት።

«ሰው ለሰው ፍየል የሚሰጠው ወይ ለደስታ ነው ወይ ለካሳ ነው» አለችኝ። «ደስ ያለህ አትመስልም።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። የወለደችውን ታውቃለች። ዳማዪቱን ምረጥ አለችኝ፤ አርግዛለች። አምሐ ደሟን ወስዶ ሊመረምር፣ ሊከትባትና ወረቀት ሊጽፍላት ቃል ገብቶልኛል።

ጠዳ ከሾላ ምንጭ ይቀርበኛል፤ እናቴን ፍየል መጠየቁም ቀላል ነበር። ሾላው ሥር ስቆም ምን እንደምል ነው ያላወቅሁት። መንገድ ላይ ንግግር አዘጋጀሁ። በመጀመሪያ በወቅቱ የነበረውን ሁኔታ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ነበረው። ከዚያ እሱን ሰረዝኩት። የቀረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ፋሲካ። ጎረቤት የፍየል ጥብስ ላከልን። ማስተዋል ሳትጠይቀኝ ከፊቴ አነሳችው። የሽታዬ ሙክቶች ቢኖሩ ኖሮ በዚህ ሳምንት ተሽጠው ነበር።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍኩ። የፍየሎቹን መግቢያ ቀን፣ ሳሉን፣ ለሽታዬ የሰጠሁትን መልስ ቃል በቃል። አቶ ሀብተሥላሴ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የመጀመሪያው ሄዷል ሰውአገኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

«ይህም ይሂድ።»

«ውልህ ሰኔ ላይ እንደሚያልቅ ታውቃለህ?»

አውቃለሁ አልኳቸው። ማኅተም መቱበትና ወደ መልእክት ሳጥኑ ጣሉት። «ያን ቀን እኔም እዚያ ቆሜ ሰምቼሃለሁ» አሉኝ። ለማጽናናት ይሁን ለመወንጀል አልገባኝም። ምናልባት እሳቸውም ለራሳቸው ነው የተናገሩት።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ዳግማይ ትንሣኤ። ዳማዪቱን ይዤ ሾላ ምንጭ ሄድኩ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሾላው ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። አያ ሰጠኝን አንድ ነገር ልናገር ይፍቀዱልኝ አልኳቸው። ወንበር ሊያመጡልኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ።

«ፍየሎቹ ሦስት ሳምንት አልቆዩም፤ ሁለት ቀን ነው የቆዩት፣ ቀይቱም ስታስል አይቻለሁ። እቴ ሽታዬ ለብቻ ላድርጋት ብላ ጠይቃኝ፣ ተመርምረዋል ቀላቅያቸው ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ።»

ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች እነዚህ ናቸው።   አያ ሰጠኝ በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ለምን ብለህ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ምረቃው ከቅበላ በፊት እንዲሆን። ለምሳው።»

«ለምሳ» አሉ። ስድስቱን ፍየሎቻቸውን አንድ በአንድ የሚያስቡ መሰለኝ። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይሉ ነበር አባቶቻችን። ያንተ ቃል ጠፍቶ የእኛ ሀብት አለቀ።»  ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ፤ የሚገባኝ ነው።

ዝናሽ ተነሣች። «እንግዲያ ያስተማርኸን ሌላውም ውሸት ነው?»

የፈራሁት ይህን ነበር። ሽታዬ ከኋላ ተናገረች። «ትምህርቱስ እውነት ነው። ትምህርቱን ብንሰማ ኖሮ አንድ ፍየል አይሞትም ነበር። እኛ የሰማነው ሰውየውን ነው።»

ዝናሽ ቆማ ቆማ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀችና ለሽታዬ ዘረጋችላት። ሽታዬ ተቀበለች። አልተቃቀፉም፤ ጊዜ ይፈልጋል።

ዳማዪቱን እየሳብኩ እስከ ደጇ ተከተልኳት። ፍሬ ከቤቱ ጥላ ሥር መጽሐፍ ዘርግታ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደ ሌላው ጊዜ አልተነሣችልኝም።

«ከእናቴ ቤት ናት» አልኳት ሽታዬን። «ይቺ በእውነት ተመርምራለች። ተከትባለች። ይኸው የአምሐ ወረቀት።»

ወረቀቱን አልተቀበለችኝም። ገመዱን ተቀበለች። የፍየሏን ጥርስ አየች፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ «ሸጋ ናት» አለች። ከዚያ የቀሩት ሰባት ፍየሎቿ ካሉበት ጉሮኖ ጎን አልፋ ወደ ድንጋዩ አጥር ወሰደቻት። ሣሩን በእጇ ነቅላ አስገባቻት፣ በሩን በእሾህ ዘጋች።

«ፍሬ እኛ ጋ ትቀመጥ» አልኩ ከኋላዋ። «ማስተዋል ክፍሉን አዘጋጅታለች። ዛሬውኑ አብራኝ ብትወርድ...»

«ቀስ በል» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። «ቸኩለህ ነው የጎዳኸን።»

ከመቀነቷ ሲባጎዋን አወጣች። ሃያ አንዱም ቋጠሮ እንዳለ ነው፤ አንድም አልተፈታም። ከአጥሩ እንጨት ላይ አንጠለጠለችው።

«ነገ አንዷን እፈታለሁ። ሃያ አንዷም ስታልቅ ና። ያን ጊዜ ስለ ፍየሏም ስለ ልጄም እንነጋገራለን።»

«ግንቦት 10 ማለት ነው» አልኩ።

«እኔ በቀን መቁጠሪያ አላውቃትም» አለች። ወደ ቤት ግባ አላለችኝም። ወረቀቱን ወደ ኪሴ መልሼ ቁልቁለቱን ወረድኩ። እንግዳን እንዲህ ደጅ አቆዩ ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።